ጀበናው ይጣድ፣ ደብተሩ ይከፈት

«አባ ዘይት አልቋል።»

ይህን የጻፈው ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነው። አባቱ ፋብሪካ ይሠራል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሰርቪስ ለመያዝ ሲወጣ ልጁ ተኝቷል፤ ማታ ሲገባም አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚያገኘው። እናትየው ጉልት ትቸረችራለች። እና በሩ ጀርባ ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለ ባለ 50 ገጽ ደብተር አላቸው። አባት ማታ ገብቶ የልጁን መልእክት ያነባል፣ ከሥሩ ይመልሳል። ያን ዕለት የመለሰው «እሺ። የቱን ዘይት?» የሚል ነበር። በማግስቱ ልጁ እንዲህ ጻፈ፦ «አባ ቢጫ ክዳን ያለውን። ትልቁን አይደለም ትንሹን። ትልቁን እማ መሸከም አትችልም።»

ደብተሩን ያሳየችኝ እናትየዋ ናት፤ «እኛ ቤት ዘይት የሚገዛው በማመልከቻ ነው» እያለች እየሳቀች። እኔ ግን ዓይኔ ደብተሩ ላይ ቀረ። በአንድ ሌሊት ሦስት ቃል 11 ሆኗል። ቀለም ገባበት፣ ማነጻጸር ገባበት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ምክንያት ጨመረ። «ድርሰት ጻፍ» ያለው የለም። የሆነው ነገር አንድ ነው፤ የጻፈውን ከልቡ አንብቦ «የቱን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አገኘ።

ጎረቤቶቼ፣ የቂሊንጦ እናቶችና አባቶች፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ያ ደብተር በየበራችን ጀርባ እንዲንጠለጠል ልለምናችሁ ነው። መለመን ካልበቃ ልነዘንዛችሁም አስቤያለሁ።

ቂሊንጦ ሲባል መሀል ከተማ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ማረሚያ ቤቱ ነው። አድራሻዬን ስናገር «ምን አድርገህ?» የሚለኝ ቀልደኛ እስካሁን አልጠፋም። ቀጥሎ የቢራ ፋብሪካው ይነሳል፣ ከዚያ ለመድኃኒት አምራቾች የተከለለው ኢንዱስትሪ ፓርክ። ኮንዶሚኒየሙና እኛ ከሁሉም በኋላ ነን። ጠዋት ለታክሲ እንሰለፋለን፤ ማታ ከቃሊቲ፣ ከሳሪስ፣ ከሜክሲኮ ተጋፍተን እንመለሳለን። በመካከሉ ያለውን ረጅም ሰዓት ልጆቻችን የሚያሳልፉት ደረጃው ላይ ነው፣ የቤቱን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው። ያችን ቁልፍ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የልጆቻችን በንባብና በጽሑፍ መቸገር የአንድ ብሎክ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ በብሎክ ስብሰባ እንጨርሰው ነበር። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎችና በአዲስ አበባ በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ልጆቹን ወዴት እንዳደረሱ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ምናምን ብቻ ነበሩ። በማግስቱ በየታክሲው ወቀሳ ነበር፤ መንግሥት፣ መምህር፣ ስልክ፣ ዘመኑ። ሁሉም የየድርሻው ይኖረዋል፣ አልከራከርም። ግን አንድ መምህር ክፍል ሙሉ ልጅ ይዞ ለእያንዳንዱ «የቱን ዘይት?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። ቢፈልግም ጊዜ የለውም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ቤት ነው፤ ቤት ካልጠየቀ የሚጠይቅ የለም።

እኛ ግን ቤት ውስጥ ምን እያደረግን ነው? እውነቱን እንነጋገር። የፊደል ገበታ ገዝተን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። የተስፋ ገብረሥላሴ ገበታ ስንቱን ትውልድ ከጨለማ እንዳወጣ አውቃለሁ፣ እኔም በእሱ ነው የቆጠርሁት። ነገር ግን ሠላሳ ሦስቱን በሰባት አባዝቶ 231ዱን የለየ ልጅ ገና በሩ ላይ ነው የደረሰው፤ ቤቱ ውስጥ አልገባም። ቤቱ ቃል ነው። «ልጄ ፊደል ጨርሷል» ብለን እጃችንን ታጥበን ተቀመጥን።

ከዚህ የባሰው ደግሞ እንግሊዝኛው ነው። ባለፈው ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን «ቤቢ፣ ዎተር ጠጪ» ስትል ሰማሁ። አልፈርድባትም። ልጇ ነገ እንዳትቸገር ፈርታ ነው፤ ኬጂዎቹም በማስታወቂያቸው ፍርሃቷን ይመግቡታል። ግን እስቲ ልጅቷ ያጣችውን ቁጠሩ። ውኃ በአማርኛ ይደፈርሳል፣ ይጠራል፣ ይጠልላል፣ ለብ ይላል፣ ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ ኩልል ይላል፣ ይንቆረቆራል፣ ያቁራል። ከዎተር ጋር የተሰጣት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ መጠጣት። እናትየዋ ራሷ የምታውቀው እንግሊዝኛ እዚያው ስለሚያልቅ ልጅቷም እዚያው ትቆማለች።

አፍ የተፈታበት ቋንቋ ስል አማርኛን ብቻ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በእኛ ብሎክ ብቻ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ፣ ወላይትኛ፣ ትግርኛ ከየበሩ ይሰማል። በኦሮምኛ ተረት የምታወራ አያት ቤት ውስጥ ካለች፣ እባካችሁ «ልጁ ይምታታበታል» ብላችሁ ዝም አታሰኟት። አይምታታበትም። «መታገሥ» ምን እንደሆነ በአያቱ ቋንቋ የገባው ልጅ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲመጣበት የሚቀረው ስሙን መማር ብቻ ነው። በየትኛውም ቋንቋ ያልገባው ልጅ ግን ስሙንም ነገሩንም አንድ ላይ ሊሸከም ነው። ያ ይከብዳል።

አሁን ወደ ቁልፏ።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ደረጃው ላይ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ነበር። አንዷ የአንገቷን ቁልፍ ታሽከረክራለች። «ከቁልፍ ስንት ቃል ይወጣል?» አልኳት። «ቆለፈ» አለች። ሌላው «ተቆለፈ»። «አስቆለፈ»። «ቆላፊ»። «መቆለፊያ»። እዚህ ላይ ጸጥ አሉ። ከዚያ አንድ ትንሽ ልጅ ሸሚዙን ይዞ «ይሄም ቁልፍ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ፣ እንደገና ተነሱ። «አቆላለፍ»፣ «ተቆላለፈ»። አንዷ «የአባቴ ጉዳይ ቀበሌ ተቆላልፎበታል» አለች፤ ከማን እንደሰማችው መገመት አያቅትም። ልብ በሉ፤ ከበር ተነስተን ሸሚዝ ደረስን፣ ከሸሚዝ ቀበሌ ገባን፣ ዋጋው ባዶ ነው። ቋንቋችን እንዲህ ነው የተሠራው፤ ሦስት ፊደል ያዝና ጎትት፣ ዘመድ አዝማዱ ተጠራርቶ ይመጣል። ከፈተን ሞክሩት፣ ሰበረን ሞክሩት፣ ጻፈን ሞክሩት። የታክሲ ሰልፍ ላይ ይሆናል፣ ድንች እየላጡም ይሆናል። የሰዋስው ምሁር መሆን አይጠይቅም። ካከራከራችሁ ደግሞ መዝገበ ቃላት አለ፤ የደስታ ተክለ ወልድ ወፍራም መጽሐፍ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ አገር አለ። ለእያንዳንዱ ቤት መግዛት ይከብድ ይሆናል፣ ለአንድ ብሎክ አንድ መግዛት ግን ከአንድ ሠርግ ስጦታ መዋጮ ያነሰ ነገር ነው።

ቁልፏን ታሽከረክር የነበረችው ልጅ ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ስታየኝ ሰላም ማለቱን ትታለች። «እንቆቅልህ!» ነው የምትለኝ።

«ምን አውቅልሽ?»

«ቤት ሳይኖራት ቤት የምትጠብቅ።»

አወቅሁት፣ ግን አላወቅሁም አልኩ። «በይ አገር ልስጥሽ፣ ጎንደርን?» እምቢ አለች። «ጅማን?» እምቢ። «ቦሌን!» አለች። ቦሌን ሰጠኋት፤ ቦሌ ገብታ ምን እንደበላችና እኔን እንዴት ደጅ እንዳስጠናችኝ እየዘረዘረች እስክትጨርስ ሁለት ፎቅ ወጣን። ይህ ጨዋታ አያቶቻችን በነጻ የተዉልን ትምህርት ቤት ነው። ነገርን ሳይጠሩ በምልክቱ መግለጽ፣ ከዚያ ያሸነፉበትን አገር ማሞገስ፣ የተሸነፈውን ማዋረድ። ከዚህ በላይ የድርሰት ልምምድ ካለ ንገሩኝ።

መጻፉን ግን ማን አስተማረኝ? ትምህርት ቤት ፊደሉን አስቆጠረኝ፤ መጻፍ ያስተማሩኝ ግን ማንበብ የማይችሉ አንዲት ሴት ናቸው።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ አራተኛ ክፍል እያለሁ የጎረቤታችን የእትዬ ልጅ ጦር ሜዳ ነበር። በወር አንድ ጊዜ ጠርተው በርጩማ ላይ ያስቀምጡኛል፣ ቆሎ በሰፌድ ያቀርባሉ፣ «ጻፍ» ይላሉ። «ላሟ ወልዳለች በለው።» እጽፋለሁ። «ምን ወለደች?» ስል «ጊደር፣ ግንባሯ ላይ ቦቃ ያላት፤ እሱ የሚወዳትን የቀድሞዋን ትመስላለች በለው።» ከጨረስን በኋላ «በል አንብብልኝ» ይሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «እንዲህ አላልኩም» ይላሉ። «ናፈቅሁህ አላልኩም፤ ዓይኔ ደጅ ደጁን ያያል ነው ያልኩት።» ሰርዤ እንደገና እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ ጋዜጣ ላይ ብዙ አርታዒ ገጥሞኛል፤ እንደ እሳቸው ጥንቁቅ ግን አላየሁም። ናፈቅሁህ ማለትና ዓይኔ ደጁን ያያል ማለት አንድ እንዳልሆነ ያወቅሁት በዚያ በርጩማ ላይ ነው።

ያ ዘመን ክፉ ዘመን ነበር፣ ናፍቆት አልሠራለትም። አንድ ነገር ግን ነበረው። መሠረተ ትምህርት ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲታወጅ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ቀበሌው፣ ገበሬ ማኅበሩ አንድ ላይ ተነሳ። እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ተማረ፣ አስተማረ። ዩኔስኮ ሳይቀር በፈረንጆች 1980 ሸልሞናል። እናቴ ከጣት አሻራ ወደ ፊርማ የተሻገረችው በዚያ ዘመቻ፣ በኩራዝ ብርሃን ነው። ማን ነበር ያስተማራት? የሰፈሩ የ11ኛ ክፍል ልጅ። ይህ አገር ሰው ሁሉ ተነስቶ ሰው ሁሉን ማስተማር እንደሚችል አንዴ አድርጎ አሳይቷል። እኛ ዛሬ ያን ያህል አልተጠየቅንም፤ የራሳችንን ልጆች ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ለልጅ የሚጻፍ ጉዳይ አልተወንለትም። ዱባይ ላለችው አክስት በስልክ ድምፅ ቀርጸን እንልካለን። የዕቁቡን ዝርዝር ሰብሳቢው ይይዛል። አስቤዛ በቃል እንልካለን፣ ረስቶ ሲመጣ እንቆጣለን። ለልጁ የተረፈው ከሰሌዳ መገልበጥ ነው። የማይነበብ ነገር እየጻፈ ያደገ ልጅ መጻፍ ቢጠላ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ብዕሩን እንስጠው። የአስቤዛውን ዝርዝር እሱ ይጻፍ። ለአያቱ ክፍለ አገር የሚላከውን መልእክት እሱ ይጻፍ፤ እናንተ ተናገሩ፣ መልሶ ያንብብላችሁ፣ «እንዲህ አላልኩም» በሉት። የቆጣሪውን ንባብ በየወሩ እሱ ይመዝግብ። ውኃ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት እሱ ይያዝ፤ በእኛ ሰፈር ይህ ራሱ አንድ ዜና መዋዕል ነው። እንቁጣጣሽ ሲደርስ የአበባ ሥዕል ይዘው በየበሩ የሚመጡት ልጆች ከሥዕሉ ሥር ለዚያ ቤት ብቻ የተጻፈ ሁለት መስመር ይጨምሩ፤ ያለ ጽሑፍ ለመጣ ግማሽ፣ ጽፎ ለመጣ ሙሉ እንስጥ። ጨካኝ ብትሉኝም በዚህ እጸናለሁ።

አንድ ልመና አለኝ፤ ቀይ ብዕራችሁን ደብቁ። ልጁ «ሀገር» ጽፎ እናንተ «አገር» ብታውቁ፣ ወይም «ሠ»ን በ«ሰ» ቢለውጥ፣ ለዚያ ደብተር አይቀደድም። ትልልቆቹ ሊቃውንት ራሳቸው ስንት ዘመን የተሟገቱበትን ነገር በሰባት ዓመት ልጅ ጆሮ ላይ አንጨርሰው። መጀመሪያ ይጻፍ። «የቱን?»፣ «ከዚያስ?»፣ «ለምን?» በሉት። ፊደሉ ሲያነብ ሲያነብ ይስተካከላል።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት? ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ጊዜው አለን፣ ቡና ላይ እያፈሰስነው ነው። እስቲ በሳምንት አንድ ቀን ጀበናውን ለልጆች እናድርገው። በአቦል ልጁ ይናገር፤ ሳምንቱን ምን አየ፣ ማን ወደቀ፣ ማን ተጣላ። በቶና ይጠየቅ፤ እኛ አፋችንን ዘግተን የሰማነውን ያህል እንጠይቀው። በበረካ የተናገረውን ከሦስት እስከ አምስት መስመር ይጻፍና ቆሞ ያንብብ። ማጨብጨብ ነጻ ነው።

«እኔ ራሴ አልተማርኩም» የሚል አለ። እትዬም አልተማሩም ነበር፣ ነገርኳችሁ። ማዳመጥና «የቱን?» ማለት ዲግሪ አይጠይቅም። እንዲያውም ያልተማረ ወላጅ ያለው ልጅ ዕድለኛ ነው፤ ለእናቱ ማንበብ የእውነት ሥራ ይሆንለታል።

የተማራችሁትን ደግሞ አልለቃችሁም። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጎረቤታሞች ነን፤ ወደ ግቢያችሁ የምትወስደው ታክሲ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ እንጋፋለን። ድልድይና ሶፍትዌር ልትሠሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይርዳችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ብቻ ኑና ልጆቻችን የሚያነቡትን አዳምጡ። የቤት ሥራ ሥሩላቸው አላልኩም፣ አዳምጡ። የብሎክ ኮሚቴ አባላት፣ የጋራ ቤታችን የኮሚናሉ ቁልፍ በእናንተ እጅ ነው፤ ለቅሶና ስብሰባ በሌለበት ቀን ለምን ተቆልፎ ይውላል? የዕድር ዳኞች፣ ድንኳን ከገዛንበት ገንዘብ ትንሽ ቆርጠን አንድ መደርደሪያ የልጆች መጽሐፍ እንግዛ። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቶልናል፣ እሰየው፤ ግን ከዚህ ተነስቶ ታክሲ እየቀያየረ እዚያ የሚደርስ የስምንት ዓመት ልጅ የለኝም። መደርደሪያው ወደ እሱ ይምጣ። ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ እየተጫነ ወደ ልጆች ሲሄድ ያየ አገር ነው ይሄ፤ እኛ ከምድር ቤት ወደ አራተኛ ፎቅ ማድረስ አያቅተንም።

ስልኩን ማስጣል አልቻልንም የምትሉ፣ አታስጥሉ፤ አብራችሁ ተቀመጡ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች ፕሮግራም ልጁ ይይ፣ ሲያልቅ ግን ስልኩን ገልብጡና «ምን ሆነ? ንገረኝ» በሉ። እኛ አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን አይተን ስንጨርስ ተረቱን በማግስቱ ሰፈር ላይ መልሰን ካልተናገርን እንቅልፍ አይወስደንም ነበር። ለዚያ ነው ዛሬም ድረስ የምናስታውሰው።

በሉ እንጀምር። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ኮሚናሉ ካልተከፈተ በእኛ ብሎክ ሥር፣ ጥላው ያለበት በኩል። ልጅ ያለው ልጁን፣ ልጅ የሌለው ጆሮውን ይዞ ይምጣ። አንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር፣ አንድ እርሳስ። በርጩማ ያለው በርጩማ። ጀበናውና ቡናው ከእኔ ነው፤ ፈንዲሻውን የሦስተኛ ፎቋ እናት ትችላለች፤ የሚገዛውን ዝርዝር ልጇ ከወዲሁ ጽፎ በሩ ጀርባ አንጠልጥሎላታል።